ተረኛ

«ኬኩ ላይ ‹መልካም ልደት፣ ስማቸው› በይው» አልኳት።
የኬክ ቤቷ ልጅ ሣቀች፦ «ዘንድሮ ስንቴ ነው የሚወለደው?»
አራቴ።
ስማቸው የሚባል ሰው የለንም፤
ስማቸውን የማልጠራው ሰዎች ግን አሉኝ።

ቤቱ ሽምብጥ ነው፣ ከደንገሉ ጀርባ፣
ጣና ሲተነፍስ ግድግዳው የሚያልበው፤
አከራዩ ለለቅሶ ዳንግላ የወረደበት ቅዳሜ።
ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ አልጠጣም።
ቀን ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋዎን ለብሼ እቆማለሁ፣
ማታ እዚህ፣ በር ላይ፣ በነጠላ ጫማ።

ስልክ ሳፋው ውስጥ። ፎቶ የለም፣ ለፍቅርም ቢሆን።
ጫማችሁን አፍንጫውን ወደ ጓሮው በር አዙሩት።
የስኳሩ ቆርቆሮ ውስጥ ስኳር የለም፤
ውሰዱ፣ አትፈሩ፣ ለጓደኛም ያዙ፣
ቀኑ ያለፈበት እንዳይኖር አንድ በአንድ አይቻለሁ።
የሚቅመውንም የሚጠጣውንም አላሳድድም፣
እናቱ አይደለሁም፣ የንስሐ አባቱም አይደለሁም፤
ብቻ በባዶ ሆድ አይሁን። ድንቹ ተቀቅሏል። ውኃው በጀሪካን።
ስሙን የማታውቁትን ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት እኔን ጠይቁኝ።
የዘወትር መድኃኒት ያላችሁ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን
ሙዚቃውን ዝቅ አደርገዋለሁ፤
ማን እንደዋጠ አላይም፣
ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞራለሁ።

«በስልክ ያገኘሁት ልጅ አለ፣ ይምጣ?» አለ እንየው።
«በቀን ብርሃን አይተኸዋል?»
«ድምፁን ሰምቻለሁ።»
«እንግዲያው መጀመሪያ ቀን፣ ሰው በሚበዛበት፣ ጁስ ጠጡ፤
ባለፈው ክረምት ድምፁ ያማረ አንድ ሰው
ከአያል ስልኩንም ደመወዙንም ሁለት ጥርሱንም ወስዷል።»

ዜጋ እንባባላለን፣ እርስ በርስ፣ ቀስ ብለን።
አገር ዜጎቿን ስትቆጥር እኛን ትዘላለች፤
እኔ ግን በር ላይ እቆጥራለሁ፦
አሥራ ሰባት ገቡ።

ስድስት ሰዓት ላይ አንሙት ወደቀ።
ጫት ላይ ውሎ፣ አረቄ ላይ አምሽቶ፣ እህል ሳይቀምስ።
ዘፈኑ ቆመ። አንዱ ቀዝቃዛ ውኃ ሊደፋበት፣
አንዱ በጥፊ ሊያነቃው፤ ሁለቱ ጫማቸው ጋ ደርሰዋል።
በጎኑ አስተኛሁት፣ ጉልበቱን አጠፍኩ፣
ጣቴን አፍንጫው ሥር አድርጌ ትንፋሹን ቆጠርኩ፣
ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ ስሙን ጠራሁት፦
አንሙት። አንሙት።
ከኋላዬ አንድ ሰው ተቀበለኝ፣ ከዚያ ሌላው፣
ስሙ ስም መሆኑን እስኪረሳ ድረስ
አሥራ ስድስት ሰው በሹክሹክታ፦
አንሙት።

«ፈለገ ሕይወት ብንወስደው ምን እንላለን?»
ያለውን። የጠጣውን፣ የቃመውን፣ የወደቀበትን ሰዓት።
ማንን እንደሚወድ አትንገሩ፤
እሱ ሕመሙ አይደለም።
ምኒችል ባጃጁን ደጅ አስጠግቶ መብራቱን አጠፋ፤
ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቀን በነጻ ነው፣ እኅቱ ከእኛ ናት።
ማንጠግቦሽ አብራው ሄደች፣ «እጮኛው ነኝ» ልትል፣
ሦስት ዓመት የሌላ ሴት እጅ የያዘችበትን እጇን
አንገቱ ሥር አስገብታ።

የቀሩት ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጡ፤
ጎደሎው አንዱ ከእኔ ጋር አደረ፣ ሳፋውን እያጠበ።
ወደ ዘጌ የምትሻገረው የመጀመሪያዋ ጀልባ ስትጮህ
«ገባሁ» «ገባሁ» እያለ ስልኬ ይርገበገብ ጀመር።
ከሁለቱ ብቻ ምንም የለም።
ድንቹን ብቻዬን በላሁት፣ ያለ ጨው።
ረፋድ ላይ ከማንጠግቦሽ መጣ፦
«ነቃ። ነርሷን ተሳደበ። ደህና ነው።»

በወሩ የኬክ ቤቷ ልጅ ክሬሙን ይዛ ጠበቀችኝ፤
«ያው፣ ስማቸው?»
የለም፣ አልኳት፣ ዛሬ ሌላ ሰው ነው።
«አንሙት» በይው።
ጻፈችው፣ በሮዝ፣
«ሙ» ትንሽ ወደ ጠርዙ ተንሸራታ።